ያልተመለሱት ሽማግሎች

ያምሮት ቸኮለ ከቡሬ ወጣ ካለች የገጠር ቀበሌ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትጀምር ከክፍሉ ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ትምህርቱ ለባትሪ የሚሆን ቁስ ገና ሳይሠራ፣ አተሞቹ እንዴት እንደሚደረደሩ በኮምፒውተር እያሰሉ መፈለግ ነው። ሌሎቹ ኮምፒውተር ሲነካኩ ያደጉ የከተማ ልጆች ናቸው። እነሱ በሳቁ ቁጥር በእሷ የሚስቁ ይመስላት ነበር።

አማካሪዋ ወንዳወቅ ዶክትሬቱን በቅርቡ የጨረሰ፣ ረጋ ያለ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። በየስብሰባው ቀድሞ የሚናገረው ዝምተኛው እንዲሆን ደንብ አወጣ።

«ያምሮት፣ ስሌቱ ለምን የተበላሸ ይመስልሻል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ መምህር!»

«ያላወቅሽውን ንገሪን። ከዚያው እንጀምራለን።»

ተናገረች፤ ተሳሳተችም። የሳቀ ግን አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ ያ ሁሉ የከተማ ልጅ ስሌቱ በተበላሸ ቁጥር ወደ እሷ ይሮጥ ጀመር።

መብራት ሲጠፋ ሁለቱ በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ወሬው ቢያልቅም አይለያዩም። እሱ ሰርቆ ያያታል፤ ዞር ስትል አይኑን ወደ ባሕር ዛፉ ይወስዳል። ተማሪውን አሽኮረመመ ከሚባል ሞቱን ይመርጥ ነበርና እስክትመረቅ ትንፍሽ አላለም።

በተመረቀች ዕለት ግን ጠየቃት። «ወደ አባትሽ ሽማግሌ ብልክ ትቀየሚኛለሽ?»

ያምሮት አንገቷን ደፋች። «አባቴ ያውቃሉ» አለች። ለጨዋ ልጅ ከዚህ በላይ እሺ ማለት የለም።

ሽማግሎቹ ሄዱ። አቶ ቸኮለ በክብር አስቀምጠው አዳመጧቸውና፣ «ልጅቱ ገና ከትምህርት መምጣቷ ነው። ለትዳርም አልደረሰች፤ ሌላ ፈልጉ» ብለው መለሷቸው። የአገሩ ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ጥያቄ ልጁን የሚሰጥ አባት ልጁን አራከሰ ይባላል። እንግዶቹ ከግቢው እንደ ወጡ አቶ ቸኮለ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ጌሾ አስወቅጪ እንጂ! ሲመለሱ በባዶ ቤት ልንቀበላቸው ነው?»

ያምሮት ከጓዳ ሆና ሰማች፤ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

ጠላው ደረሰ። ሽማግሎቹ አልመጡም። ጎረቤት ጠጣው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርኩም ሲሄድ ሲመጣ የከረመበት ዓመት ነበርና፣ «መንገድ ይሆናል ያስቀራቸው» ብላ ራሷን አጽናናች። ስልኩ ሲሠራ ብዙ ጽፋ አጠፋችና፣ «ያ ስመረቅ የቀረው ስሌት አለቀ፣ መምህር» ብላ ላከችለት።

«ጎበዝ!» ብሎ መለሰላት። ሌላ ምንም አላለም።

ከመስቀል በኋላ አላስችል አላትና፣ እሱ ቤተሰቡ ዘንድ መሆኑን ሰምታ ፍኖተ ሰላም ወረደች። መናኸሪያው በር ላይ ተገናኙ። ከስቷል።

«ሽማግሎችዎ ለምን አልተመለሱም?»

ወንዳወቅ ክው አለ። «አባትሽ እምቢ አሉ እኮ።»

«ወጉ ነዋ! እርስዎ የጎጃም ልጅ አይደሉም?»

«ሽማግሎቹም፣ ‹ደጅ ሳይጠና የት አገር ነው ልጅ የሚሰጥ? እንመለስ› ብለው ለምነውኝ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። መምህርሽ ነበርኩ፤ ብወተውት ላስተማርኩሽ ዋጋ የጠየቅሁ እንዳይመስልሽ ፈራሁ። አንቺም ‹አባቴ ያውቃሉ› ነው ያልሽኝ።»

«እወድዎታለሁ» አለች ያምሮት። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ቃል ተናግራ አታውቅም። «ዛሬ ይላኩ። አባቴን ዛሬውኑ እሺ የማሰኛቸው እኔ ነኝ።»

ወንዳወቅ ዓይኑን ወደ መንገዱ ወሰደ።

«እናቴ ወደ ደምበጫ ሽማግሌ ላከችልኝ» አለ። «ያዘንኩትን አይታ ነው። ቃል ታስሯል፤ ሠርጉ ለጥር ነው። ልጅቷ ምን አጠፋች ብዬ ላፍርሰው?»

«ያፍርሱት» ልትል አስባ ተወችው። ሌላ ነገር ጠየቀች።

«አባቷ ወዲያው እሺ አሉ?»

ወንዳወቅ አቀረቀረ።

«ሽማግሎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ ነው» አለ።

ያምሮት እዚያው መናኸሪያው በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያት አለቀሰች።