የሸሸው ጎማ

መምህር ወልደጻድቅ ማስመሪያቸውን ታንኩ ጎን ላይ አስጠጉና ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ደግ ነገር አይከተልም፤ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

«ሸይማ፣ ይኼ የፊተኛው ጎማ ወዴት ነው የሚሸሸው?» አሉ በመጨረሻ።

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ሸይማ አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ የቆመው ትንሽ ታንክ የሁለት ወር ሥራዋ ነው። አካሉ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ፣ መድፉ ከተገጣጠሙ ሁለት የቢክ እስክሪብቶ ቀፎዎች፣ ከላይ ያለው ቆብ ደግሞ እናቷ እስከ ዛሬ ከምትፈልገው ጭልፋ የተሠራ ነው። ጎማዎቹን ከአሮጌ የዶማ እጀታ በመጋዝ ቆርጣ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ፣ በግራ አምስት በቀኝ አምስት ደርድራቸዋለች። ሰንሰለት የለውም፤ እውነተኛውም ታንክ የለውምና። ሁሉም ነገር ከእውነተኛው ሃያ ጊዜ ያንሳል። በግምት የተሠራ አንድም ነገር የለበትም፤ የምትኮራውም በዚህ ነበር።

«አልሸሸም፣ ቲቸር። እንደዚያው ነው።»

«እንዴት እንደዚያው? አራቱ ተጠጋግተው አንዱ ለብቻው?» ማስመሪያቸውን እንደገና አስጠጉ። «ፋብሪካ እኮ ሲሠራ እኩል አድርጎ ነው፣ ልጄ። ለመሆኑ ማነው የለካው?»

እውነተኛው ታንክ ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ ሜዳው ላይ ነው ያለው። በሰማንያ ሦስት ግንቦት እዚያ ቆመ፤ እስካሁን ሦስት ዓመት ሙሉ የነካው የለም፤ ሰንሰለቱን ፈተው ከወሰዱት ሰዎች በስተቀር። ያለ ሰንሰለት የቀሩት ጎማዎች በክብደቱ መሬት ውስጥ ሰጥመዋል። ሸይማ በእናቷ የልብስ ሜትር የለካችው እዚያ ተንበርክካ ነው። ብቻዋን ግን አልነበረችም። ሞዴሉን አብሯት የሚሠራው አብኔዘር የሜትሩን ጫፍ ይዞላት ነበር።

«እኛ ነን» ልትል አፏን ስትከፍት አብኔዘር ቀደማት።

«እሷ ናት፣ ቲቸር» አለ ጠረጴዛውን እያየ። «እኔ ያን ቀን አልነበርኩም።»

ሸይማ ዞር ብላ አየችው። ጆሮው ቀልቷል። ቀና ብሎ ግን አላያትም።

መምህር ወልደጻድቅ ማስመሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ ዛሬ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው። ካስተካከልሽው የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ለወረዳው ኤግዚቢሽን የምንልከውም እሱኑ ይሆናል። እንደዚህ እንደተንጋደደ ግን በትምህርት ቤታችን ስም አይወጣም። ለክተሽ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።»

ከሁሉም ያቃጠላት የመጨረሻው ቃል ነው። ጠረጴዛውስ ይቅር። ለክታለች እኮ። ሦስት ጊዜ ለክታለች።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ አብኔዘርን በሩ ላይ ያዘችው።

«ጫፉን ማን ያዘ? ጂን ነው የያዘልኝ?»

«በናትሽ ቀስ በይ» አለ ዙሪያውን እያየ። «አባቴ ያ ታንክ አጠገብ ብደርስ እግሬን እንደሚሰብረው ነግሮኛል። ቲቸር ደግሞ ጎረቤታችን ነው። ዛሬ ብናገር ማታ እቤታችን ገብቷል ማለት ነው።»

«ስለዚህ እኔ ውሸታም ልሁን?»

«ማንም ውሸታም አላለሽም። ተሳስተሻል ነው ያለሽ። ፋራ አትሁኚ፣ ሸይማ፤ ጎማውን ትንሽ ወደ ኋላ እናስጠጋለትና እንገላገል። ማን ያውቃል? ሁሉም በታክሲ ሲያልፍ ነው የሚያየው። ማን ጎማ ይቆጥራል?»

«እኔ ቆጥሬያለሁ» አለችና ጥላው ሄደች። ንዴቷ መገናኛ ድረስ አልበረደላትም። ከሁሉ የባሰው፣ ጎማውን ማስጠጋት እውነትም ቀላል መሆኑ ነበር። ቢላና ማስቲሽ ካለ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ብቻዋን ወደ ሜዳው ወረደች። መምህሩን ይዛቸው መጥታ በዓይናቸው እንዲያዩት ማድረግ ነበር ሐሳቧ። መጀመሪያ ግን ራሷ አንዴ ልታየው ፈለገች።

ታንኩ የለም።

መንገዱን የሳተች መስሏት ወደ ኋላ ተመለሰችና እንደገና መጣች። ሜዳው ያው ሜዳ ነው፤ ባሕር ዛፎቹም እነዚያው ናቸው። ታንኩ የነበረበት ቦታ ላይ ግን ረጅም ሳርና የጠቆረ የብረት ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል። ሳር የሚያጭዱ አንዲት ሴት ቀና ብለው አዩዋት።

«ያን ብረት ነው የምትፈልጊው? ሰኞ በእሳት ቆራርጠው በትልቅ መኪና ጫኑት እኮ።»

«ሁሉንም?»

«ምን ይተዋሉ ብለሽ ነው?»

ሸይማ ሳሩ መሃል ገባች። ምናልባት አንድ ጎማ ረስተው እንደሆነ ብላ ስትፈልግ ቀኝ እግሯ የማይታይ ጎድጓዳ ውስጥ ገባና ልትወድቅ ነበር። እግሯን አወጣች፤ ጫማዋን አራገፈች፤ እንባዋ መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቆሞ፣ እሷ በምትፈልገው ሳምንት ይሄዳል? ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ታንኩን ሰደበችው፤ አብኔዘርንም ጨምራ።

እናቷ ወይዘሮ ሰዓዲያ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ሰማያዊ ቀሚስ እየሰፋች ነበር። ሸይማ ከኩሽና ቢላ አመጣችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ረቡዕ ከትምህርት ቤት የመለሰችውን ትንሿን ታንክ ጭኗ ላይ አስተኝታ የቢላውን ጫፍ ከፊተኛው ጎማ ሥር ሰካች።

«ቢላዬን ምን ልታደርጊበት ነው?» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከስፌቷ ሳታነሣ።

ሸይማ ሁሉንም ነገረቻት። የጎማውን ነገር፣ የመምህሩን፣ የአብኔዘርን፣ የተጫነውን ታንክ። እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀሚሱን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ይኼ የወይዘሮ ሃረገወይን ነው» አለች። «የግራ ትከሻቸው ዝቅ ይላል። ስለካቸው ሁልጊዜ ‹እኩል አድርገሽ ስፊው› ይሉኛል። እኩል ባደርገው ማንጠልጠያ ላይ ያምራል። እሳቸው ሲለብሱት ግን ይንሻፈፋል። እኔ የለካሁትን ነው የምሰፋው፤ ለብሰው ሲያዩት ዝም ይላሉ።» ቀሚሱን ጭኗ ላይ መለሰችው። «አንቺስ ለክተሻል?»

«ለክቻለሁ።»

«ሁለቴ?»

«ሦስቴ።»

«ታዲያ ቢላው ምን ያደርግልሻል? ወደ ቦታው መልሺው። ጭልፋዬንም ብትመልሺልኝ ደስ ይለኛል።»

ሸይማ ደነገጠች። ከዚያ እናቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትይዝ አየቻት፤ እሷም ሳቀች። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ወዲያው ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መጣ። የሰኔ ዝናብ ነው፤ ሲጀምር አያስጠነቅቅም። ሸይማ ቢላውን ወደ ኩሽና ይዛ ስትሄድ ግቢው ውስጥ ትናንሽ ጉድጓዶች ውኃ ሲሞሉ አየችና በሩ ላይ ቆመች። እግሯ የገባበት ጎድጓዳ ትዝ አላት። ምን ነበር? እዚያ ሜዳ ላይ ማን ጉድጓድ ይቆፍራል?

የቆፈረ የለም። ሦስት ዓመት የሰጠመ ጎማ ነው የተነሣው።

ዓርብ ጠዋት ከሌላው ቀን አንድ ሰዓት ቀድማ ወጣች። ሜዳው ጨቅይቶ ነበር። በቀኝ በኩል የጭነት መኪናው ጎማ ሁሉንም ነገር አድቅቆታል። በግራ በኩል ግን፣ ሴትዮዋ ሳሩን አጭደውት፣ ውኃ የቋጠሩ ጉድጓዶች በአንድ መሥመር ተሰልፈው ይታዩ ነበር። ቆጠረቻቸው። አምስት ናቸው። አራቱ ተጠጋግተዋል። አንዱ ራቅ ብሎ ለብቻው ቆሟል።

ሸይማ ጭቃው መሃል ቆማ ብቻዋን ሳቀች። ሜትሩን ከቦርሳዋ አወጣችና መልሳ ከተተችው። የሚለካውስ ለሁለት ነው፤ ደግሞም ከእሷ ዓይን ይልቅ የመምህር ወልደጻድቅ ዓይን ነበር የሚያስፈልገው። እስከ ትምህርት ቤት ሮጠች።

«ውኃ?» አሉ መምህሩ።

«አዎ፣ ቲቸር። አምስት ጉድጓድ ውኃ። ታንኩ ራሱ የተወው ነው። እባክዎ አንዴ ብቻ ይዩት። ከተሳሳትኩ እዚያው ፊትዎ ጎማውን እነቅለዋለሁ።»

ጭቃ የበላውን ጫማዋን አዩት። ከዚያ ፊቷን አዩ።

«በምሳ ሰዓት እንሄዳለን» አሉ። «ከንቱ ልፋት ከሆነ ካልሲዬን የምታጥቢው አንቺ ነሽ።»

በምሳ ሰዓት መምህር ወልደጻድቅ የሱሪያቸውን እግር ካልሲያቸው ውስጥ ከተው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየተከሉ ሜዳው ውስጥ ገቡ። ሸይማ ትንሿን ታንክ በፌስታል ጠቅልላ ታቅፋለች። ከኋላቸው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ አብኔዘር ይከተላል። ማንም አልጠራውም፤ ማንም ተመለስ አላለውም።

መምህሩ ጉድጓዶቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ዳር ዳሩን ዞሩ። ቁጢጥ ብለው በአንድ ዓይናቸው መሥመሩን አዩ። ዝም አሉ፤ የዛሬው ዝምታቸው ግን እንደ ረቡዕ አልነበረም።

«ሜትሩን አምጪ» አሉ። «ከመሃል እስከ መሃል እንለካለን። ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ቀና አሉ። «ያን ቀንስ ጫፉን ማን ነበር የያዘልሽ?»

ሸይማ መልሱ አፏ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ከረቡዕ ጀምሮ ስታኝከው ሰንብታለች። አብኔዘር ጭቃውን እያየ ቆሟል። አሁን ስሙን ብትጠራ ልኩን ታስገባዋለች። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አንገቱን ሲያቀረቅር ግን ያ ቀን ትዝ አላት፤ የሚወደው ሹራቡ በዝገት እስኪበላሽ ድረስ የሰጠመው ጎማ ሥር ተኝቶ ሜትሩን የያዘላት።

የሜትሩን ጫፍ ዘረጋችለት።

«ጫፉን ያዝ» አለችው።

አብኔዘር አያት። ከዚያ መምህሩን አየ። ጭቃውን አቋርጦ መጣ፣ ተንበረከከ፣ የሜትሩን ብረት በአውራ ጣቱ ውኃው መሃል ላይ አስተካክሎ ያዘ። የት እንደሚይዝ ማንም አልነገረውም።

«ያን ቀንም እኔ ነኝ የያዝኩት፣ ቲቸር» አለ ሳይነሣ። «ረቡዕ ዋሽቻለሁ።»

መምህር ወልደጻድቅ ለአፍታ አዩትና «እጅህን አታንቀሳቅስ» አሉ ብቻ። ሜትሩን ወጠሩ። «ሰማንያ ዘጠኝ።» ወደሚቀጥለው ተሻገሩ። «ዘጠና። ... ሰማንያ ዘጠኝ።» መጨረሻ ላይ ብቻውን ወደ ቆመው ጉድጓድ ሄዱ። «አንድ ሜትር ከአሥራ ስድስት።»

«እኛ አሥራ ሰባት ነው ያገኘነው» አለች ሸይማ ደብተሯን ገልጣ።

«ጭቃ ስለሆነ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ጭቃው ይወስዳል።» መምህሩ ፌስታሉን ገልጠው ትንሿን ታንክ ከጉድጓዶቹ ጎን ሳሩ ላይ አቆሟት። የፊተኛው ጎማ ወደ ፊተኛው ጉድጓድ ወገን፣ አራቱ ወደ አራቱ ወገን። «ለምን እንደዚህ አድርገው እንደ ሠሩት አላውቅም» አሉ። «ተሳስቼ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ። ለክተሽ ቢሆን ኖሮ ብዬሽ ነበር፤ ያን ቃል አንሥቼዋለሁ። ይቺ ታንክ የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ ወረዳም ትሄዳለች። ጎማዋን የሚነካ ግን ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።»

ሲመለሱ ሸይማ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም። ጭቃው ግን እስከ ጉልበቷ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወላጆች ሳይገቡ፣ መምህሩ ነጭ ካርቶን ሰጧትና ጠረጴዛው ላይ የሚቆመውን ጽሑፍ ራሷ እንድትጽፍ ነገሯት። «ታንክ» ብላ ጻፈች። «አንድ ለሃያ።» ከሥሩ «ለክተው የሠሩት» አለችና የራሷን ስም አስከተለች፦ ሸይማ ዓብዱ። እዚያ ላይ እጇ ቆመ።

አብኔዘር አጠገቧ ቆሞ ነበር። «አባቴ ይመጣል» አለ ቀስ ብሎ። «ከፊተኛው ጠረጴዛ ነው የሚጀምረው።»

«ልተወው?»

አብኔዘር ትንሿን ታንክ አየ፤ ከአራቱ ርቆ የቆመውን ጎማ በጣቱ ጫፍ ነካ። ውጭ በሩ ተከፍቶ የወላጆች ድምፅ ይሰማ ጀመር።

«አትተዪው» አለ። «አጉልተሽ ጻፊው፤ መነጽሩን ይረሳል።»

ሸይማ እስክሪብቶዋን አጥብቃ ያዘችና «አብኔዘር ዓለምሰገድ» ብላ ከስሟ ሥር ጻፈች፤ በራሷ ስም ልክ።