አምስት ጊዜ የተንኳኳው በር

ሰኞ የጠራሁት የቧንቧ ሠራተኛ ሐሙስ መጣ ብዬ አሰብኩ። ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል፤ ቆቡን በእጁ ይዟል። ከወረቀቶቼ በቅጡ ቀና ሳልል፣ «በጓሮ በኩል ነው፤ ሮቶው እየፈሰሰ ነው» አልኩት።

ትንሽ ቆመ። «መሰላል አላችሁ?»

«ጥበቃው ጋ አለ።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እጁን እየጠረገ ተመለሰ።

«ሲሞላ ውሃውን የምትዘጋው ኳስ ተጣብቃ ነው። ለጊዜው ይይዛል» አለ። «አሁን ጥያቄዎቹን እንጀምር?»

«የምን ጥያቄ?»

«የታሪኩን ነዋ። እፀገነት አይደለሽም እንዴ? ኤልያቄም እባላለሁ፤ ትናንት በስልክ ያወራነው።»

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ወንበሩ ላይ የተከመሩትን ወረቀቶች ቶሎ ብዬ አነሳሁ። እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አይዞሽ፤ የተማርኩት የውሃ ምህንድስና ነው። በዲግሪዬ የሚያሠራኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ።»

ያኔ ሥራ ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲያችን ላፍቶ ውስጥ በተከራየው ቤት የጋራ ጥናት ፕሮግራም የሚባል ነገር አለው። የምህንድስና፣ የሕግ፣ የጤና፣ የኢኮኖሚክስና የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው የአንድ ሰፈርን ችግር ያጠናሉ፤ መፍትሔም ይሞክራሉ። አሥር ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ታሪኩን የሚናገር መጽሔት እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር። ኤልያቄም ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነው።

«ሰነዱ ላይ» አልኩት ደብተሬን ገልጬ፣ «ኃላፊዎች ውጭ አገር ሄደው ልምድ ቀስመው ሲመለሱ ተመሠረተ ይላል።»

«ጉዞውማ የተደረገው ከተመሠረተ በኋላ ነው። የተመሠረተው አንዲት ሴትዮ ደጃፍ ላይ ነው።»

ከአሥር ዓመት በፊት እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ተማሪዎቹን ለየብቻ መጠይቅ አስይዞ ወደ አንድ ኮንዶሚኒየም ይልክ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት የወይዘሮ አፀደ በር አራት ጊዜ ተንኳኳ። አንዱ ገቢያቸውን ጠየቀ፣ አንዱ ጤናቸውን፣ አንዷ የቤቱን ካርታ፣ አንዷ ጎረቤቶቻቸውን። አምስተኛው ኤልያቄም ነበር፤ ስለ ውሃ ሊጠይቅ።

«በሩን ከፍተው ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹እናንተ ልጆች አትተዋወቁም እንዴ? ውሃው አራተኛ ፎቅ አይወጣም። ስለማይወጣ ጀሪካን እሸከማለሁ። ስሸከም ጉልበቴ ታመመ። ጉልበቴ ሲታመም ሥራዬን ተውኩ። ይኸው ነው፤ ነገሩ አንድ ነው። ለምን አምስት ቦታ ትቆራርጡታላችሁ?›»

ኤልያቄም ንግግራቸውን እንዳለ ጽፎ ለመምህሩ ሰጠ። መምህሩ ለሌሎች አራት መምህራን አነበበላቸው። በቀጣዩ መንፈቅ አምስት ተማሪዎች አብረው አንድ ጊዜ አንኳኩ። ዓመት ሳይሞላ ለሕንፃው ፓምፕ ገባለት።

«ወይዘሮ አፀደ አሁንም አሉ?»

«አሉ፤ ትንሽ ደክመዋል። ስምዎ አንድ ቀን ይጻፋል ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።» ይህን ሲናገር አልሳቀም።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ደረጃውን ስንወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብሎ ጫማውን አሰረ። የጫማው ማሰሪያ አልተፈታም ነበር፤ እኔ ትንፋሼን እንድሰበስብ ነው።

ወይዘሮ አፀደ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይቺ ደግሞ ስድስተኛዋ ናት? አንቺስ ስለ ምን ልትጠይቂኝ ነው?»

«ታሪክዎን ልጽፍ ነው» አልኩ።

«ምን አለች?»

«ታሪክዎን ልትጽፍ ነው» አለ ኤልያቄም።

«አንተን ማን ጠየቀህ? እሷ ትናገር እንጂ!» ወደ እኔ ዞሩ። «ጭምት መስሎ ሲቀመጥ አትመኝው ልጄ። በሁዳዴ እርጎ ይዞልኝ ይመጣል። ጴንጤ አይደል፣ ቀኑን አያውቀው። ላሳዝነው ስለማልፈልግ ተቀብዬ ለጎረቤት ልጆች እሰጣለሁ።»

ኤልያቄም አፉን ከፍቶ ቀረ። «አሥር ዓመት ሙሉ?»

«ልጆቹ እኮ በእርጎህ ነው ያደጉት!»

እስኪያመኝ ሳቅኩ። ቀና ስል ኤልያቄም እያየኝ ነበር። ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ፤ የምጽፈው ነገር ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አራት ቅዳሜ ሄድን። ለመጽሔቱ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃኝ ነበር። ስንመለስ ብዙ አናወራም። ታክሲ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታ ለእኔ ይተውልኛል።

«ስትጽፊ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል» አለኝ አንድ ቀን።

«ታየኛለህ እንዴ?»

«ሌላ ምን ልይ?»

እስክንወርድ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። 

ረቂቁን ለዳይሬክተሩ ለዶክተር ሲራክ አስገባሁ። የወይዘሮ አፀደ ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ መጣ። ፕሮግራሙ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስን ኮሚቴ መጽሔቱን ስለሚያየው የሰነዱ ታሪክ እንዲገባ አዘዙ። እሺ አልኩ። የቢሮ ባልደረባዬ ትሕትና የተስተካከለውን ረቂቅ ቃለ መጠይቅ ላደረግንላቸው ሁሉ ላከች።

ኤልያቄም በማግስቱ ደወለ።

«ስማቸው የለም።»

ያወጣሁት እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። «አውቃለሁ» ብቻ አልኩ።

«ታውቂያለሽ?»

ስልኩን ዘጋው።

ሁለት ሳምንት አልደወለም። ቅዳሜ ወደ ወይዘሮ አፀደ ቤት ለመሄድ አፈርኩ። ኤልያቄም ገጹን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ማሰቡ ስህተት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ግን ሲወጣ እሺ ብያለሁ። ልዩነቱን ለሌላ ሰው ማስረዳት ቢኖርብኝ የምችል አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ዶክተር ሲራክ ቢሮ ገባሁ።

«ዶክተር፣ የወይዘሮ አፀደ ገጽ እንዲመለስ እፈልጋለሁ።»

«እፀገነት፣ ተነጋግረናል እኮ። በአንዲት እናት ቁጣ ተጀመርን ብንላቸው ኮሚቴዎቹ ምን ይሉናል?»

«እሱን አላውቅም። ግን አዘጋጅ ተብሎ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ገጹ ካልገባ ስሜ ይውጣልኝ። ውሌም ሲያልቅ አላድስም።»

ረቂቁን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«አንቺ እንዲህ ትናገሪያለሽ እንዴ?»

«አልናገርም ነበር።»

ረቂቁን ትተሽልኝ ሂጂ አሉኝ። ረቡዕ ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። ዳር ላይ በራሳቸው እጅ፣ «ይግባ። የጉዞው ቀንም ይስተካከል» ብለው ጽፈዋል።

ገጹን ይዤ ኤልያቄም ለቡ ውስጥ ወደሚያሠራው ሕንፃ ሄድኩ። ከሲሚንቶ ማደባለቂያው አጠገብ ቆሟል። ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«መጀመሪያም ያወጣሁት እኔ አልነበርኩም» አልኩት። «ግን ዝም ብያለሁ።»

«ለምን በስልክ አልነገርሽኝም?»

«ዘጋኸው።»

«አዎ» አለ። «ዘጋሁት።» ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈው። «ሁለቱንም ቅዳሜ ብቻዬን ሄጄ ነበር። ‹ልጅቷን ምን አደረግካት?› ብለው በር ላይ አቆሙኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«አጣኋት መሰለኝ አልኳቸው።»

«አላጣኸኝም።»

ማደባለቂያው ይጮኻል። «ምን አልሽ?»

ደግሜ ነገርኩት። ማደባለቂያው በንግግሬ መሃል ቆመና ሠራተኞቹ ሁሉ ሰሙ። አንዱ አጨበጨበ።

መጽሔቱ በግንቦት ታተመ፤ ፕሮግራሙም ለሦስት ዓመት ታደሰ። በሰኔ ኤልያቄም ሽማግሌ ላከ። አባቴ በኤልያቄም ሃይማኖት ምክንያት ሁለት ጊዜ መለሳቸው፤ በሦስተኛው ተቀበላቸው። በጥር ተጋባን፤ አሁን የምንኖረው ፉሪ ነው።