ከላይ የሚቀዳ ውሃ

«ከፍ አድርጊው እንጂ፣ ኢንዱ! ጭልፋው እጇን ሊነካ ነው!» አሉ መምህር ትሪሎኪ።

ኢንዱ ጭልፋውን ከፍ አደረገችው። ውሃው ፉልዋ ከታች አጣምራ በዘረጋቻቸው መዳፎች ላይ ተንዠቀዠቀ። ግማሹ አፈር ላይ ቀረ። ፉልዋ የደረሳትን ጠጥታ አገጯን በክንዷ ጠረገች።

«ዛሬ እንኳ ትንሽ ጨምሪልኝ። በበዓሉ ላይ ሳነብ ጉሮሮዬ ደርቆ እንደ ፍየል ብጮህ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው።»

«እረፊ፣ ይሰሙሻል!» አለች ኢንዱ ሳቋን ውጣ።

የትምህርት ቤቱን ጋን የሚነኩት ዘራቸው «ንጹሕ» የሚባል ልጆች ብቻ ናቸው። የእነ ፉልዋ ሰፈር ልጆች ሲጠማቸው ሌላ ሰው እስኪቀዳላቸው ይቆማሉ። በዚህ ወር ቀጂዋ ኢንዱ ናት። ሁለቱ ጓደኛሞች ከትምህርት ቤት አብረው ይወጣሉ። መንደሩ መግቢያ ላይ ካለው ኒም ዛፍ ሲደርሱ ግን መንደሩ ስለሚያያቸው ፉልዋ ወደ ኋላ ትቀራለች።

ዕለቱ ሕንድ የሕገ መንግሥት ቀኗን የምታከብርበት ነበር። ከወረዳ እንግዳ መጥተዋል። ፉልዋን ለንባብ የመረጧት ራሳቸው መምህር ትሪሎኪ ናቸው፤ የእሷን የሚያህል ድምፅ በትምህርት ቤቱ አልነበረም።

ባንዲራው ሥር ቆማ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ አነበበች፦ «ሰውን አይነካም ብሎ ማግለል ተሽሯል። በማናቸውም መልኩ መፈጸሙ ክልክል ነው።»

ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። እንግዳው «ጎበዝ! ውሃ ስጧት እንጂ» አሉና ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

ፉልዋ ወደ ጋኑ መጣች። ማንም ሳይነግራት ጎንበስ ብላ መዳፎቿን አጣመረች። ኢንዱ ጭልፋው ከበዳት። ጋኑ ክዳን ላይ የተቀመጠውን የናስ ኩባያ አነሣች፤ ሞልታ ዘረጋችላት።

«ያምሻል እንዴ?» አለች ፉልዋ በሹክሹክታ። «አምና ወንድሜ ይቺን ኩባያ ስለነካ አባዬን ከሚሠራበት የሰናፍጭ እርሻ አባረሩት። ቅጂልኝና ልሂድ።»

«አሁን ራስሽ አላነበብሽም?»

«አነበብኩ። አጨበጨቡ። በቃ።»

ኢንዱ ውሃውን ወደ ጭልፋው ገለበጠችና ከላይ ቀዳችላት። ፉልዋ ጠጣች። ኢንዱ ጭልፋውን ሰቀለች። ከቆመችበት ድንጋይ ወርዳ ጓደኛዋ አጠገብ ጎንበስ አለችና መዳፎቿን አጣመረች።

«መምህር፣ እኔም ጠምቶኛል።»

«ኩባያው አለልሽ አይደል?»

«በእጄ ነው የምጠጣው። ይቅዱልኝ።»

መምህሩ ወደ እንግዳው ሰረቅ አድርገው አዩ። ከኋላ የጀመረው ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ። ጭልፋውን ያነሣ ሰው የለም።

«አንቺ ጅል፣» አለች ፉልዋ ጥርሷን ነክሳ፣ «ነገ ለእኔ ማን ሊቀዳልኝ ነው?»

ኢንዱ ግን እጆቿን አላወረደችም።