ከጦር መስቀያው በታች

በአርማዝ መንግሥት የልኬት በዓል በዋለበት ጠዋት የቤተ መንግሥቱ ምሰሶ አለቀሰ። ከእንጨቱ የተንጠባጠበው ጨዋማ ውሃ የአልጋ ወራሹን ራስ አረጠበ። ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ በምሰሶው ላይ ከተቀረጸለት አንድ የቁመት ምልክት አላለፈም።

የምሰሶው ጠባቂ አሮጊት ውሃውን ቀመሰች። «ዘርሙት የተባለው ዘንዶ በጨው ተራራችን ላይ ተጠምጥሟል። ያለ ሰማያዊው ጨው የልጅ አጥንት አይረዝምም። በየቤታችሁ ምሰሶ የልጆቻችሁን ቁመት በየዓመቱ በቢላ ትቀርጻላችሁ፤ ታዲያ እድገታቸው መቆሙን እንዴት አንድም ሰው አላየም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

በአደባባዩ ከቆመው ሕዝብ መካከል አልጣሽ የተባለች ልጃገረድ አንገቷን ደፋች። አባቷ ጎንጤ ቢላውን ይዞ በቀረበ ቁጥር ተረከዟን ታነሳ ነበር፤ እሱም አይቶ እንዳላየ በቤታቸው ምሰሶ ላይ ካለው የጦር መስቀያ በላይ ይቀርጽላት ነበር። ዙሪያዋን ብትቃኝ ሁሉም አቀርቅሯል። ነውራቸውን የሸፈኑ መስሏቸው መቅሠፍቱን ሸፍነውት ኖረዋል።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች። «ጨው ሳልይዝ ብመለስ ስሜ ከምሰሶው ይፋቅ።»

ጦረኛው ቢሻው አብሯት ተላከ። ገና ከመውጣታቸው ይቀልድባት ጀመር። «ስንቁን ትሸከሚዋለሽ ወይስ እሱ ይሸከምሽ?»

«እሱ ቢሸከመኝ ይሻለኛል፤ ቢያንስ አይለፈልፍም።»

ሳቀ። «አትቀየሚ። አንዱ በዘሩ አጭር ነው፤ አንዱ ዘግይቶ ይመዘዛል። እኔ ራሴ ጢሜ እስኪያቀመቅም የፍየል ጭራ ነበርኩ። ያንቺስ የትኛው ነው? ዘር፣ መዘግየት፣ ወይስ የጨው እጦት?»

ስንቁን አንስታ ቀደመችው። ይህን የሚለየው እውነተኛ ምልክት ነው፤ በቤቷ ምሰሶ ላይ ደግሞ እውነተኛ ምልክት አልነበረም።

ከተራራው ጫፍ ሲደርሱ ቢሻው የወረወረው ጦር በዘንዶው ቅርፊት ላይ ነጥሮ ተመለሰ።

«አፌን የምከፍተው ሰው ገና ያልደረሰበትን ቁመት ለመዋጥ ብቻ ነው» አለ ዘርሙት። «የዋጥኩት አይመለስም። ሰጪ ካለ የራሱን ልክ በእውነት ይንገረኝ፤ ከዋሸ ሁለታችሁንም አደቅቃችኋለሁ።»

አልጣሽ ቢሻውን አየችው። ከዘንዶው ይልቅ የእሱ ጆሮ አስፈራት።

«ከጦር መስቀያው በታች ነኝ» አለች። «በሦስት ጣት። ከምልክቴ ሁሉ በታች ነኝ። የቀረኝን ቁመት ሰጥቼሃለሁ።»

ዘንዶው አፉን ከፈተ። ከአጥንቷ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ሲመዘዝ ተሰማት፤ በዚያው ቅጽበት የቢሻው ጦር በተከፈተው ጉሮሮ ገባ። ዘርሙት ወድቆ ሞተ፤ እነሱም ሰማያዊውን ጨው ይዘው ተመለሱ።

በቀጣዩ በዓል አልጋ ወራሹ ምልክቱን አለፈ፤ በመንደሩም ሕፃናት መዘዝ መዘዝ አሉ። በጎንጤ ቤት ጎረቤት ሁሉ ጀግናዋን ለማየት ተሰበሰበ። አባቷ በልማዱ ቢላውን ከጦር መስቀያው በላይ አሳረፈ።

«ዝቅ አድርገው፣ አባዬ።»

«ሰው እያየ?» አለ በሹክሹክታ።

«ይየው።»

ጎንጤ ጎንበስ ብሎ ቀረጸ። የአልጣሽ ፊት እንደ ፍም ጋለ፤ ዓይኗን ከመሬት ማንሳት አቃታት። ተረከዟ ግን ከመሬት አልተላቀቀም።