ጠባሳ የሌለው ጣውላ

ጋሽ ሐዲስ እሑድ ማለዳ በገዛ ግንዳቸው ሥር ተገኙ። በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ ደረታቸው ላይ አራት ሜትር የሚረዝም የግራቪሊያ ግንድ ተጋድሟል። ቀኝ እጃቸው አንድ ነገር ሊደባብስ እንደተዘረጋ ደርቋል። አጥሩ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ አሞራዎች ቆመው ቁልቁል ያያሉ፤ ድንጋይ ቢወረወርባቸውም አልሄዱም።

ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ነገሩን በግማሽ ሰዓት ቋጭተውት ነበር። ብቻውን ግንድ የሚሰነጥቅ ሽማግሌ፣ ተዳፋት ግቢ፣ ያመለጠ የግንድ ማቆሚያ ሽብልቅ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ኢንስፔክተር አያንቱን ከአዳማ እስከ ዓለም ጤና ያስመጣት የሟች ልጅ ፍሬሕይወት ጣቢያ ሄዳ እጇን መስጠቷ ነው።

«ገዳዩ እኔ ነኝ» አለች ፍሬሕይወት፣ ፖሊሶች ወደ ግቢው መልሰዋት ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከግንዱ ሳታነሣ። «ይጻፉልኝና ይውሰዱኝ።»

«በምን ገደልሽው?»

«በአፌ።»

አያንቱ ማስታወሻዋን አጥፋ ኪሷ ከተተችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«መቂ ክሊኒክ ነርስ ነኝ» አለች ልጅቱ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ግንድ አዞርለት ነበር። የሞተር መጋዙንና ሽብልቁን ግን አያስነካኝም። ባለፈው ሳምንት ‹አባዬ፣ ስድሳ ስምንት ዓመትህ ነው፤ ሰው ቅጠር› ብዬ ብለምነው ሳቀብኝ። ‹ጣውላ ሲከፈት ውስጡን ከእግዜር ቀጥሎ የማየው እኔ ነኝ፤ ይኼን ከማን ጋር ልካፈል?› አለኝ። ተናድጄ ‹እንግዲያው ብቻህን ትሞታለህ!› ብዬው ወጣሁ። ትናንት ቅዳሜ አልመጣሁም።» እንባዋ ፈሰሰ። «ይኸው፣ እንዳልኩት ብቻውን ሞተ።»

አያንቱም ብቻዋን መሥራት የምትወድ ሴት ናት። ሦስት ረዳቶች ተመድበውላት ሦስቱንም በሰላም ሸኝታለች፤ አራተኛው፣ ሳጅን ጃፋር፣ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ የሚሸኝበትን ቀን የሚጠብቅ ይመስላል። ልጅቱ ለአባቷ የወረወረችውን ቃል የአያንቱ እናትም በየበዓሉ ይደግሙላታል። ይህ ግን ለሕግ የሚሆን ነገር አይደለምና ተነሥታ ወደ ግንዱ ሄደች።

ግንዱ ቀድሞ ያረፈባቸው ሁለት አግዳሚዎች ከጉልበት ከፍ ይላሉ። ጋሽ ሐዲስ ግንዳቸው ቁልቁል እንዳይንከባለል በታችኛው ወገን፣ በየአግዳሚው ላይ አንድ አንድ የወይራ ሽብልቅ ይወትፉ ነበር። አሁን ሁለቱም መሬት ላይ ወድቀዋል። አንደኛውን አነሣችና በሁለቱም ጫፉ አገላብጣ አየችው፤ ከዚያም ምንም ሳትናገር በፌስታል ጠቅልላ ለጃፋር ሰጠችው።

ሬሳውን ያገኘው ጎረቤታቸው አናጺው ነጋሳ ነው። ጣውላ ሊወስድ ማልዶ መጥቶ፣ ከገባበት በር ጩኸቱን ይዞ ወጣ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንስፔክተር» አላት። በኦሮምኛ እንደምን አደሩ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው። በዚህ ግቢ የሚገባ የሚወጣው ማን ነው?»

«እሳቸው ሰው አያስገቡም። እኔ፣ ልጃቸው፣ አንዳንዴ ደግሞ ጣውላ የሚሸጠው አብዱልጀባር፤ እሱም ለመጨቃጨቅ ነው የሚመጣው። ድሮ ጋሽ መሳይ ነበሩ፤ አብረዋቸው የሚሰነጥቁ። አሁን ቀርተዋል።» ወደ ጣውላው ክምር ሄደና አንዱን በጣቱ ዳሰሰው። «የጋሽ ሐዲስን እጅ በዚህ ነው የማውቀው። ይቺን አግድም የተጋደመች መስመር ያያሉ? ክንድ ያህል እንደሄዱ መጋዙን ያቆማሉ፤ የተሰነጠቀው አፍ ገጥሞ መጋዙን እንዳይነክስባቸው እዚያው ሽብልቅ ይመታሉ፤ ከዚያ እንደገና ይነሣሉ። በቆሙበት ሁሉ ጠባሳ ይቀራል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ያለው ሁለት እጅ ነው፤ ምን ያድርግ?»

«ትናንት መጋዙን ሰምተኸዋል?»

«ስምንት ሰዓት ላይ። እኔን የገረመኝ እሱ ነው። ሁልጊዜ እንደ ስቅታ ነው፤ ይነሣል፣ ይቆማል። ትናንት ግን አንዴ ተነሣና ሳይቆም ዘለቀ። ሰውዬው ዛሬ ምን ነካቸው ብያለሁ። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ።»

ነጋሳ ከሄደ በኋላ አያንቱ ክምሩን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ዐሥራ አንድ ጣውላ ነው። የዐሥሩ ጫፍ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠቁሯል፤ እርጥብ እንጨት ጫፉ ካልተቀባ በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ይሰነጠቃልና። የዐሥሩም ገጽ በየክንዱ ጠባሳ አለበት። ዐሥራ አንደኛው፣ ከላይ ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ነው። መዳፏን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብታሳልፍ አንድም ቦታ አልያዛትም። ጫፉም ጥቁር አይደለም፤ በእበት ተመርጎ፣ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና እርጥብ ነበር።

«ፎቶ አንሣው፣ ናሙና ውሰድ፣ ከዚያ እበቱን በውኃ እጠበው» አለችው ጃፋርን።

«ማስረጃ ይታጠባል እንዴ?»

«አንተ እጠበው። የጠፋበት ሰው ይጠይቀናል።»

አብዱልጀባርን ያገኘችው አዳማ፣ መጋዘኑ ደጃፍ ነው። ጋሽ ሐዲስን ‹አንድ ቀን ይኼ ግንድ ይበላሃል› ማለቱን ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«እኔ ብቻ ነኝ ያልኩት?» አለ እጁን እያወናጨፈ። «አገሩ ሁሉ ብሏል! አንድ ሽማግሌ በቀን የሚያወጣው አራት ጣውላ፤ እኔ አርባ አስጭናለሁ። ደንበኛ ግን የሱን ይፈልጋል። ‹የጋሽ ሐዲስ እጅ ይለያል› ይሉኛል። ያናድዳል፤ ግን ሰው በዚህ ይገደላል?»

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ዕቃ ሳስወጣ። ስገባም ስወጣም ተመዝግቤአለሁ።»

«ጣውላዎ ጫፉ ምን ይቀባል?»

«ቀለም ነዋ። ቀይ። ሌባ ቢወስደው የማን እንደሆነ ራሱ ይናገራል።»

ጋሽ መሳይ ከሽንኩርት ማሳው ማዶ ይኖራሉ፤ ሁለት ላሞች ደጃፋቸው ላይ ያመሰኳሉ። የግራ ዓይናቸው ነጭ ለብሷል።

«ከጋሽ ሐዲስ ጋር ስንት ዓመት ሠሩ?»

«ሃያ ሁለት። በሁለት ሰው መጋዝ ነበር፣ የኔ ልጅ። እሱ ከላይ ግንዱ ላይ፣ እኔ ከታች ጉድጓዱ ውስጥ። ሰጋቱራው የሚወርደው በኔ ፊት ላይ ነው። ይቺ ዓይን እዚያ ቀረች።»

«ግቢያቸው መጨረሻ የሄዱት መቼ ነው?»

«የሞተር መጋዝ ገዝቶ፣ ብቻውን የሚያሠራውን የመጋዝ መሸከሚያ ብረት አዳማ ካስበየደ ወዲህ አልረገጥኩም። አምስት ዓመት አለፈው። ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› ስንባባል ኖረን፣ እሱ ብቻውን አንበሳ ሆነ።»

«ቅር አላለዎትም?»

«ምን ቅር ይለኛል?» ፈገግ አሉ፤ ጤነኛው ዓይናቸው ግን አልሳቀም። «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም።»

የሠልስቱ ዕለት ለቀስተኛው ጋሽ ሐዲስ ግቢ በተተከለው ድንኳን ተሰበሰበ። አያንቱ ሦስቱን ሰዎች ከፊት አስቀመጠቻቸው፤ ፍሬሕይወት ጥቁር ነጠላዋን አጥብቃ ከጎናቸው ተቀመጠች። ከድንኳኑ ውጭ፣ ጠራራው ፀሐይ ላይ፣ ጃፋር ዐሥራ አንደኛውን ጣውላ በሁለቱ አግዳሚዎች ላይ አጋድሞታል። ነፋስ የለም። አባ ኮዳዎቹ ዛሬም አጥሩ ላይ ናቸው።

«ፍሬሕይወት ‹የገደልኩት እኔ ነኝ› ብላ ቃሏን ሰጥታለች» አለች አያንቱ። «ቃሏ እንዲቆም አባቷ ብቻቸውን መሞት አለባቸው። እኔ የመጣሁት ጋሽ ሐዲስ ብቻቸውን እንዳልነበሩ ልነግራችሁ ነው።»

ፍሬሕይወት ቀና አለች። ድንኳኑ ውስጥ መሐረብ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ።

አያንቱ ሽብልቁን አወጣች። «ሽብልቅ ሲገባ የሚመታው ወፍራሙ ጫፉ ነው። ይህኛው ቀጭኑ ጫፉ ላይ ትኩስ የመዶሻ ምት አለበት፤ ተመትቶ ወጥቷል እንጂ አምልጦ አይደለም። ቀጭኑ ጫፍ ደግሞ በግንዱ ሥር አልፎ የሚታየው በላይኛው ወገን ነው። ጋሽ ሐዲስ የሞቱት በታችኛው ወገን ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከግንድ ግራና ቀኝ አይቆምም።»

ጋሽ መሳይ አያዳምጡም። ዓይናቸው ጣውላው ላይ ነው።

«ሁለተኛ፣ ነጋሳ ቅዳሜ መጋዙ ሳይቆም ሲሄድ ሰምቷል። ይህ ጣውላም አንድ ጠባሳ የለበትም። ጋሽ ሐዲስ ሳይቆሙ መሄድ የሚችሉት ሌላ ሰው ከኋላ ከኋላቸው ሽብልቅ የመታላቸው እንደሆነ ነው። መጋዙ መቼ እንደሚደርስለት፣ ሽብልቁ መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ እጅ። ልጃቸውን እንኳ አያስነኩም ነበር። ማንን አስነኩ?»

አብዱልጀባር ወደ ነጋሳ፣ ነጋሳ ወደ መሬት ተመለከተ።

«ሦስተኛ፣ ገዳዩ ሰው ገድሎ አልሮጠም። ጣውላውን ወስዶ ከክምሩ ላይ በሥርዓት አስተኛው። ምን ዓይነት ሰው ነው ሬሳ ጥሎ ጣውላ የሚያነሣ?»

በዚህ መሐል ጣውላው ጫፉ ላይ «ጧ!» ብሎ ተሰነጠቀ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ጋሽ መሳይን ግን ከመቀመጫቸው አስነሣቸው። ከድንኳኑ ወጥተው ጎንበስ አሉና ጫፉን በሁለት መዳፋቸው ሸፈኑት።

«እናንተ ሰዎች አታዝኑም?» ጮኹ። «እርጥብ ጣውላ ፀሐይ ላይ ይሰጣል? እበቱንስ ማነው ያነሣው?»

«የቱን እበት፣ ጋሽ መሳይ?» አለች አያንቱ በቀስታ። «ሬሳው በተገኘበት ማለዳ ግቢው ውስጥ ከነበርነው በቀር እበቱን ያየ የለም። እሑድ ዕለት፣ ማንም ለቀስተኛ ሳይደርስ አጥበነዋል። ጋሽ ሐዲስ ዘይት ነው የሚቀቡት፤ አብዱልጀባር ቀለም ነው። እርስዎ ደግሞ ይህን ግቢ ከረገጡ አምስት ዓመት አልፎዎታል።»

«ላ ኢላሀ ኢለላህ» አለ አብዱልጀባር በለሆሳስ።

ጋሽ መሳይ እጃቸውን ከጣውላው አላነሡም። መናገር ሲጀምሩም የሚያወሩት ለእሱ ይመስል ነበር።

«በማሳው ሳልፍ ጠራኝ። ‹ፍሬ አልመጣችም፤ ይቺን ግንድ አዙርልኝ› አለኝ። አዞርን። ሽብልቁን እኔ ልምታልህ አልኩት፤ እሺ አለ። ሳንቆም ዘለቅን፤ እንደ ድሮው፣ ከድሮውም በላይ። እንዲህ ያለ ጣውላ በዚህ አገር ወጥቶ አያውቅም። አንሥተን ጎን አደረግነው። ከዚያ ግንዱ ውስጡ እንዴት እንዳማረ ለማየት ጎንበስ ስል በክርኑ ገፋኝ። ‹ዞር በል መሳይ፤ መጀመሪያ ብቻዬን ልየው› አለኝ። በታች በኩል ዞሮ ተንበረከከና ይደባብሰው ጀመር።» ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። «ሃያ ሁለት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ ሰጋቱራ ጠጣሁ። ዓይኔን ሰጠሁ። አንድ ቀን እንኳ መጀመሪያ አላየሁም። መዶሻው በእጄ ነበር።»

«ጣውላውንስ ለምን አነሡት?»

ሽማግሌው የሞኝ ጥያቄ የሰሙ ያህል አዩዋት። «ለፀሐይ ልተወው? ዘይቱን የት እንደሚያስቀምጥ አላውቅም። ጫፍ ጫፉን በየተራ እያነሣሁ ክምሩ ላይ አወጣሁትና ከቤቴ እበት አምጥቼ ቀባሁት።»

ጃፋር ክንዳቸውን ይዞ ወሰዳቸው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዞረው ያዩት ጣውላውን ነው። ለቀስተኛው ግማሹ እያማተበ፣ ግማሹ እየተራገመ ተከተላቸው፤ ድንኳኑ ባዶውን ቀረ።

አያንቱ የፍሬሕይወትን የቃል ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችላት። «ይህን መልሼልሻለሁ። አንቺ አልገደልሽውም። ያልሽው ቃልም አልሆነም፤ ብቻውን አልሞተም።»

ልጅቱ ወረቀቱን አልተቀበለችም። ሄዳ መዳፏን ጣውላው ላይ አሳረፈች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈችው፤ እንደገና መለሰችው። የአባቷን ጠባሳ ትፈልጋለች። የለም።

«ምነው ብቻውን በሞተ» አለች።

ጣውላው ለማስረጃ አዳማ መሄድ ነበረበት፤ አያንቱ ብቻዋን ልታነሣው ሞከረችና አቃታት። ጃፋር እስረኛውን አስረክቦ ሲመለስ አንዱን ጫፍ እንዲይዝላት ጠየቀችው፤ በሥራ ዘመኗ ሰው እንዲያግዛት ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። እሱም ደስ እያለው ፊት ፊት ሄደ፤ መንገዱን መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነበር፤ እሷ ከኋላው እየተከተለች እስከ መኪናው ድረስ ማጅራቱን ስታይ ቆየች።