ከአንሶላ ጋር የታጠበው ሹራብ

«ይሄ የኔ ነው?» አለ የታክሲ ሹፌሩ፣ ሹራቡን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

የሱ ነበር። ትናንት ጠዋት ሲያመጣው ሰፊ ትከሻውን የሚሸፍን የሱፍ ሹራብ ነበር፤ አሁን ለሕፃን ልጅም ይጠባል። የታጠፉ ፎጣዎች ያቀፈችው ሚጢጢ ደርቃ ቀረች። ሚጢጢ ስሟ አይደለም፤ ላውንደሪው ውስጥ ቁመቷን አይተው ያወጡላት ነው። ትምህርት እስኪከፈት፣ ለእረፍቱ ብቻ ነው እዚህ የምትሠራው።

«ልጄ ናት የሠራችልኝ» አለ ሹፌሩ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አንዱ እጅጌ ከአንዱ ይረዝም ነበር። ባየሁት ቁጥር ነበር የምስቀው።»

የፈረቃ ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሠራተኛው ከጀርባቸው «ጋሽ ይደገም» ይላቸዋል፤ የታጠፈውንም፣ የተተኮሰውንም፣ የተጠረገውንም አይተው «ይደገም!» ሳይሉ አያልፉም።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አዲሷ ልጅ ናት ያጠበችው» አሉ። «ነገ ጠዋት እትዬ ይመጣሉ፤ ቤቱ የሳቸው ነው። አንድ መላ አያጡም። ሹራቡን እዚሁ ተወው።»

አዲሷ ልጅ! የሚጢጢ ጆሮ ጋለ። ትናንት ነግራቸው አልነበር? «ጋሼ፣ ይሄ ሱፍ ነው፤ በእጅ ይታጠብ» ብላ፣ ደግሞ በትሕትና። የሆቴሉ አንሶላ እስከ መስኮቱ ተቆልሎ ስለነበር ጋሽ ይደገም አልሰሟትም። «አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ ይሄን ሥራ የጀመርኩት! ማሽን ውስጥ ክተቺው ብያለሁ!» ብለው ጮኹባት። ካውያ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩዋት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሹፌሩ ከሄደ በኋላ ሽቅርቅሩ የሚሉት የሥራ ባልደረባዋ ካውያውን አስቀምጦ ወደ እሷ መጣ። የሰው ሸሚዝ ከመተኮሱ በፊት የራሱን የሚተኩስ ልጅ ነው።

«ሼባው ሸጠሽ እኮ!» አላት። «እንዳትሸወጂ። ነገ እትዬ ገና ከበር ሲገቡ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ቀድሞ ያለቀሰ ነው የሚታመነው። እኔም እመሰክርልሻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለኋ።»

ሐሳቡ ደስ አላት። ጋሽ ይደገም ጉሮሯቸውን እየጠረጉ፣ እትዬ እያፈጠጡባቸው ሁሉ ታያት። አንድ ነገር ግን ሽቅርቅሩ አያውቅም።

ጋሽ ይደገም ማሽን አሉ እንጂ ሙቅ ውሃ አላሉም። ጥግ ያለው ትንሹ ማሽን ባዶውን ቆሞ ነበር፤ ስስ ልብስ የሚታጠብበት፣ ቀዝቃዛው። ሚጢጢ አየችው። አይታ አለፈችውና ሹራቡን አንሶላው የሚቀቀልበት ውስጥ ወረወረችው። «ማሽን ካሉ ማሽን» አለች በሆዷ፣ «ይኮማተር፤ ያን ጊዜ ያዩታል።» ተኮማተረ። አዩት። ስለ ሹፌሩ ግን አላሰበችም ነበር፤ ስለ ሴት ልጁማ ጭራሽ።

ማታ እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች «ምነው ፊትሽ?» አለቻት። ሚጢጢ ነገረቻት፤ ከትንሹ ማሽን በቀር ሁሉንም።

«ኃላፊሽን ደጃቸው ሄጄ ለምኜ ነው ያስገባሁሽ» አለች እናቷ። «ጎረቤት ናቸው፤ ነገም ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ከነገሩ ጦም እደሩ ነው የኔ ልጅ። ዝም ብለሽ ጨርሺና ትምህርትሽን ጀምሪ።» ቢላዋውን አቆመች። «ደሞ ይሄ ብቻ ነው?»

«ሌላ ምን አለ?» አለች ሚጢጢ። ድምፅዋ ለራሷም አልጣማትም። የፈላ ውሃ እንፋሎት የመታው ያህል ፊቷ ቀላ።

በማግስቱ በጠዋት ስትገባ ጋሽ ይደገም ብቻቸውን ከከረጢት ወደ ባልዲ ዱቄት ሳሙና ይገለብጣሉ። ማሽኖቹ ገና አልተነሡም። ሹራቡ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ሰው ሳይመጣ ላነጋግርዎት።»

«ሥራ የያዘው እጄ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

«ከትናንት ወዲያ በሰው ፊት ሲጮሁብኝ በጣም ተናደድኩ። ትንሹ ማሽን ባዶ መሆኑን አይቻለሁ። አውቄ ነው ሙቁ ውስጥ የከተትኩት።»

ሳሙናው መፍሰሱን አቆመ።

«እርስዎ ግን በእጅ ይታጠብ ስልዎት እንቢ ብለዋል። ለሹፌሩ ይሄን አልነገሩትም። የኔን ብቻ ነው የነገሩት።»

ጋሽ ይደገም ባልዲውን አስቀመጡ። ሊቆጡ ነው ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች። እሳቸው ግን ሳሙና የነካ እጃቸውን አራገፉ።

«ለእትዬ ልትነግሪ ነው?»

«አዎ። ሁለቱንም። የእርስዎንም የኔንም።»

«የራስሽን ከነገርሽ የሚያሰናብቱሽ አንቺን ነው፤ እኔን አይደለም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።» ገብቷት ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገላታት ያደረው እሱ ነው። እናቷን ምን እንደምትላት ግን ገና አታውቅም።

«ታዲያ ለኔ መንገሩ ምን ፈየደልሽ?»

«ከጀርባዎ እንዳይሆን ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

በሩ ተከፈተ። እትዬ ቁልፋቸውን እያንሿሹ ገቡ፣ ከኋላቸው ሽቅርቅሩ። ሽቅርቅሩ በዓይኑ «አሁን!» አላት።

እትዬ ሹራቡን አነሡና አገላበጡት። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ጋሽ ይደገም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሚጢጢ ትንሽ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አለች።

«እኔ ልጀምር» አለች።