ያጉረመረመው ሳጥን

ባቡሩ ሐሙስ ጠዋት ሞቶ ተገኘ።

ድልድዩ ሥር ቆሟል። መብራቱ ጠፍቷል። ባለቤቱ፣ ጡረታ የወጣው የባቡር ነጂ፣ የትራንስፎርመሩን እጀታ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ወደ ግራ አዞረ፤ ምንም። ክንድ የማያህል የአሻንጉሊት ባቡር ነው። ግን ሰውየው ከጡረታ ወዲህ ሌላ ሥራ የለውም። ክፍሉ ውስጥ ሐዲዱ ከተዘረጋበት ጠረጴዛ በቀር ያለው አንድ ወንበር ነው፤ የሚቀመጥበትም እሱ። ሌላው ሰው ቆሞ ያያል፤ ከደከመው ይሄዳል።

ወንጀለኛ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ማክሰኞ ዕለት የትራንስፎርመሩን ሳጥን ከፍቶ አቧራውን የጠረገው፣ ከቤቱ ፊት ያለችውን ሱቅ የተከራየው ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። እንግዲህ የውስጡን መዳብ ወስዶ ቀፎውን መልሷል ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን የተናገረው የሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ሦስት ደንበኞች እየሰሙ ነው። እስከ ማታ ዕቃውን ጠቅልሎ እንዲወጣ ነገረው። ቁልፉንም እዚያው ተቀበለው።

ጠጋኙ አልጮኸም። እዚያ ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሌባ የተባለ ጠጋኝ ዘንድ ደግሞ ራዲዮውን ጥሎ የሚሄድ ሞኝ የለም። ሳጥኑን እፊታቸው እንዲመረምር ብቻ ለመነ።

"እያየሁህ" አለ ሽማግሌው። "እጅህን ከጠረጴዛው በታች እንዳታወርድ።"

የቤቱ ሰው ተሰበሰበ። ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የጀመረችውን ኮሌታ እንደያዘች መጣች። አማቹም መጣ። ያችን ክፍል ለመኝታ ሲመኛት ሁለት ዓመቱ ነው፤ ምኞቱን መደበቅም አያውቅበትም።

ጠጋኙ ከግድግዳው ጀመረ። ሶኬቱ ላይ የጠረጴዛ መብራት ሰካ። በራ። ቀጥሎ ሐዲዱን በጣቱ እየዳሰሰ ዞረ። መታጠፊያው ላይ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኘ ምስማር ተጋድሞ አገኘ።

ሁሉም አማቹን አዩት። ትናንት ለመደርደሪያ ግድግዳውን ሲለካ ወድቆበት ሊሆን እንደሚችል አመነ።

"የማን መደርደሪያ?" አለ ሽማግሌው።

አማቹ ምስማሩን ሊያነሳ ተጣደፈ።

ምስማሩ ተነሳ። ባቡሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። ጠጋኙ ወደ ሐዲዱ የሚሄዱትን ሽቦዎች ነቅሎ፣ በምትካቸው የትራንስፎርመሩ መውጫ ላይ ትንሽ አምፖል አገናኘ። አልበራም። ሐዲዱ ነጻ ወጣ፤ ከሐዲዱ ጋር አማቹም። ጥፋቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ጆሮውን አስጠጋ።

"ያጉረመርማል። ጋሼ፣ እስኪ ያዳምጡት። መዳቡን ወስጄው ቢሆን ምኑ ያጉረመርማል?"

ሽማግሌው አዳመጠ። አርባ ዓመት ሞተር ያዳመጠ ጆሮ ነው፤ ሊክድ አልቻለም። ቀጥል አለው።

ጠጋኙ ሳጥኑን ከሶኬቱ ነቀለ። ብሎኖቹን ሊፈታ ጎንበስ እንዳለ ቆም አለ። የእሱ ካቻቢቴ ሰፊ ነው። የብሎኖቹን አናት የቧጨረው ግን ቀጭን ነገር ነው፣ የስፌት መኪና መፍቻ የሚያህል። ያየውን ዋጠው። ክዳኑን አነሳ።

መዳቡ እንዳለ ነው። ወደ መውጫው የሚሄደው ሽቦ ግን በመቀስ ተቆርጧል።

"ሰው ነው የቆረጠው" አለ። "ግን ጉደኛ ሰው ነው። ሁለቱንም ጫፎች በክር ጠምጥሞ አስሯቸዋል። ባዷቸውን ቢተዋቸው ቆርቆሮውን ነክተው ሊያነዝርዎት ይችል ነበር። ባቡሩን ጠልቶ ለእርስዎ ሳስቷል።"

ሽማግሌው መነጽሩን አደረገ። ሦስት ዙር ክር፣ ከዚያ ወደ ውስጥ የተደበቀ ቋጠሮ። አንገቱን ደፍቶ የራሱን ሸሚዝ ቁልፍ አየ። ሦስት ዙር፣ የተደበቀ ቋጠሮ። ልብስ ሰፊ የቆረጠችውን ጫፍ ሳትቋጥር መተው አይሆንላትም፤ ወንጀል ስትሠራም።

"አንቺ ነሽ" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ሰውየውን ሌባ ስለው ዝም አልሽ።"

"እስከ ማታ አይደል ያልከው? ከማታ በፊት እናገር ነበር። ለብረት ምን ያህል እንደምታብድ ልይልህ ብዬ ነው።" ወደ ጠጋኙ ዞረች። "አንተን ግን በድያለሁ።"

ከዚያ ኮሌታውን አጣጠፈች።

"አርባ ዓመት በባቡር ሄድክ፤ ሥራ ነው ብዬ ቻልኩት። ጡረታ ስትወጣ መጣልኝ አልኩ። አሁን ደግሞ በዚች ክንድ በማታህል ባቡር ሄደህ ቀረህ። ማዶ ሆኜ ስሰፋ ድምፁን እሰማለሁ። አንድ ቀን ግቢ አላልከኝም።"

አማቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

ሽማግሌው ይቅርታ መጠየቅ አልፈጠረበትም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠጋኙ መዳፍ ላይ አኖረ። ወደ ሱቁ በር ወጣ። ሦስቱም ደንበኞች አልሄዱም ነበር፤ ማን ይሄዳል? ሲከስ ያወጣውን ያህል ድምፅ ባያወጣም፣ ሰውየው ንጹሕ መሆኑን ነገራቸው። ሲመለስ ከስፌት መኪናው ሥር ያለውን ወንበር ተሸክሞ ነበር። ከራሱ ወንበር ጎን አስቀመጠው።

"ልቀጥለው?" አለ ጠጋኙ፣ ሽቦውን ይዞ።

ሽማግሌው ሚስቱን አየ።

ሴትዮዋ ተቀመጠች። ኮሌታውን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

"ቀጥለው" አለች። "እጀታውን ግን የማዞረው እኔ ነኝ።"